የእናት ጭስና የልጅ ጉበት፤ የአንድ ሳይንሳዊ ጥያቄ ታሪክ

መግቢያ

የሰው ልጅ ስለ ጉበቱ የሚያስብበት ጊዜ እምብዛም ነው። ልብ ሲመታ ይሰማል፤ ሳንባ ሲታፈን ይታወቃል፤ ሆድም ሲርበው ይጮኻል። ጉበት ግን ብዙ ክፍሉ ተጎድቶ እንኳ ሥራውን ሳያቋርጥ ዝም ብሎ የሚቆይ አካል ነው። በዚህ ዝምታው የተነሣ ሐኪሞች የጉበትን ሕመም መነሻ ሲፈልጉ ለረዥም ዘመን ወደ ኋላ የተመለሱት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር፤ ይኸውም እስከ በሽተኛው የመጠጥ ልማድ ወይም ቀደም ሲል እስከ ያዘው የወፍ በሽታ ድረስ ነው።

ዛሬ ግን ጥያቄው ከልደት በፊት ወዳሉት ወራት ዘልቆ ገብቷል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያጨሰችው ሲጋራ፣ ልጅዋ አድጎ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በጉበቱ ላይ አሻራውን ይገልጥ ይሆን? ይህ ጥያቄ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ከበስተጀርባው ከሰማንያ ዓመታት በላይ የፈጀ የመለካት፣ የመመዝገብ፣ የመከራከርና አልፎ አልፎም የመሳሳት ታሪክ አለ። ታሪኩ የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የቁጥር ሊቃውንትም ታሪክ በመሆኑ፣ መለካትንና ማስላትን ሙያቸው ያደረጉ የዚህ መጽሔት አንባቢያን ብዙ የሚያውቁትን ነገር ያገኙበታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሽጉ ሲደፈር

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በሕክምና ዓለም ሰፍኖ የቆየው አስተሳሰብ፣ የእንግዴ ልጅ ለፅንሱ እንደ ምሽግ ነው የሚል ነበር። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት እናት የምትበላውና የምትጠጣው፣ የምትተነፍሰውም ሁሉ በዚህ ምሽግ ተጣርቶ፣ ለፅንሱ የሚጠቅመው ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጎጂው ግን ከደጅ ይመለሳል።

በዚህ እምነት ላይ የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች የታዩት ቀስ በቀስ ነው። በ1935 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የሚሠሩት ሶንታግና ዋላስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ እናት ሲጋራ ስታጨስ የፅንሱ የልብ ምት እንደሚለወጥ አስተውለው ጻፉ። ነገሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ምክንያቱም ከጭሱ የሚመጣ አንድ ነገር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ምሽጉን አልፎ መግባቱን ወይም ቢያንስ በውስጥ ያለውን ሕይወት መንካቱን የሚያመለክት ነበር። ይሁን እንጂ ዘመኑ ሲጋራ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ የሚታይበት ነበርና ጽሑፉ ብዙ አድማጭ አላገኘም።

በ1941 የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ የጀርመን ኩፍኝ የያዛቸው እናቶች የዓይን ሞራ ያለባቸውን ልጆች እንደሚወልዱ ገለጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው መዓት ግን ለማንም የተሰወረ አልነበረም። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍና ለማስታገሻ ተብሎ ለገበያ የቀረበው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት፣ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወገድ ድረስ እጃቸውና እግራቸው ያልተሟላ ልጆች እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ፤ ቁጥራቸውም ከአሥር ሺህ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። መድኃኒቱን የወሰዱት እናቶች ራሳቸው ግን ይህን የመሰለ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ለእናት ቀላል የሆነው ለፅንስ እጅግ ከባድ ሊሆን እንደሚችል፣ ምሽግ የተባለውም ብዙ በሮች ያሉት መሆኑን ዓለም የተማረው በዚህ መራራ ትምህርት ነው።

ሚዛኑ የተናገረው

ትምባሆን በሚመለከት ግን ትምህርቱ የመጣው በእንዲህ ያለ አስደንጋጭ መልክ አልነበረም። የሚያጨሱ እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች ሙሉ አካል ያላቸው፣ የሚያለቅሱና የሚጠቡ ልጆች ነበሩ። ልዩነታቸው የታወቀው በዓይን ሳይሆን በሚዛን ነው።

በ1950 ዊንደርና ግሬም በአሜሪካ፣ ዶልና ሂል በእንግሊዝ፣ ሲጋራና የሳንባ ካንሰር ያላቸውን ግንኙነት የሚያሳዩ ታላላቅ ጥናቶች አሳትመው ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1957 በካሊፎርኒያ የምትሠራ ዊኒያ ሲምፕሰን የተባለች ሐኪም፣ የ7,499 እናቶችን መዝገብ መርምራ፣ በሚያጨሱት ዘንድ ያለጊዜው ልደት ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን፣ የሲጋራው ቁጥር በጨመረም መጠን ይኸው እንደሚጨምር አስታወቀች። በዚያን ጊዜ «ያለጊዜው የተወለደ» የሚባለው በአመዛኙ ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ልጅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 ሎው የተባሉት ሊቅ በበርሚንግሃም ከተማ የወለዱ ከሁለት ሺህ በላይ እናቶችን አጥንተው ነገሩን አጠሩት። የአጫሽ እናቶች ልጆች በአማካይ በ170 ግራም ያህል ይቀላሉ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የእርግዝናው ርዝመት በሁለቱም ወገን ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። እንግዲህ ልጆቹ የቀለሉት ቀድመው ስለ ወጡ ሳይሆን በማኅፀን ውስጥ ሳሉ በቂ ዕድገት ስላላገኙ ነው ማለት ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ማጨስ የተዉት እናቶች ልጆች ደግሞ ክብደታቸው ከማያጨሱት ልጆች ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ።

አንድ መቶ ሰባ ግራም ለአንድ ሕፃን ሲታይ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ኩባያ ስኳር እንኳ ይበልጠው ወይም ያንሰው እንደሆነ የሚያከራክር ነው። ለአንድ ሕዝብ ሲሆን ግን የሥርጭቱን መካከለኛ ነጥብ ወደ ታች ማንሸራተት፣ ከአደጋው ወሰን በታች የሚወድቁትን ሕፃናት ቁጥር በብዙ ማብዛት ነው። ይህን በሚገባ ያልተረዱ ሰዎች ቁጥሩን ሲያቃልሉ ቆይተዋል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ በጃንዋሪ 1964 ያወጡት ታላቅ ሪፖርት እንኳ፣ ስለ ሳንባ ካንሰር በቁርጥ ሲናገር፣ ስለ እርጉዞች ሲደርስ ግን የክብደቱን መቀነስ አምኖ ይህ መቀነስ ለሕፃኑ ጤንነት ምን ትርጉም እንዳለው አልታወቀም በማለት አልፎታል።

የአንድ ሳምንት መዝገብ

ለዚህ መልስ የሚሆነው ማስረጃ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ በመጠናቀር ላይ ነበር። ከማርች 3 እስከ 9 ቀን 1958 ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የተወለዱ 17,000 ያህል ሕፃናት ከሞላ ጎደል በሙሉ ተመዘገቡ። የሥራው ዋና ዓላማ ሕፃናት በልደት ጊዜ ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ነበር። ከቀረቡት ብዙ ጥያቄዎች መካከል እናትየዋ በእርግዝናዋ ወቅት ምን ያህል ሲጋራ ታጨስ እንደ ነበር የሚጠይቅም ነበረበት።

ይህን መዝገብ መሠረት በማድረግ ኔቪል በትለርና ባልደረቦቻቸው በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከአራተኛው ወር በኋላ ማጨስ የቀጠሉ እናቶች ልጆች ክብደት እንደገና በ170 ግራም ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱን፣ በልደት አካባቢ የሚደርሰውም ሞት በ28 በመቶ ከፍ ማለቱን አስረዱ። እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ድረስ ማጨስ ያቆመች እናት ደግሞ የአደጋዋ መጠን ከማታጨስ እናት ጋር እንደሚስተካከል አመለከቱ። በተከታዩ ዓመት በትለርና ጎልድስታይን እነዚሁን ልጆች በሰባትና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ተከታትለው፣ በቀን አሥር ሲጋራና ከዚያ በላይ ያጨሱ እናቶች ልጆች በቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚያንሱ፣ በንባብና በሒሳብ ትምህርትም በጥቂት ወራት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ገለጡ። ነገሩ በልደት ቀን የሚያበቃ ሳይሆን ከልጁ ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑ በግልጽ መነገር የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

የየሩሻልሚ ሙግት

ይሁንና ማስረጃው ያለ ብርቱ ተቃውሞ አላለፈም። ተቃዋሚውም ተራ ሰው አልነበሩም። ጄኮብ የሩሻልሚ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆኑ፣ የሕክምና ምርመራ ትክክለኛነት እስከ ዛሬ የሚለካባቸውን ሁለቱን መመዘኛዎች፣ ማለትም ሕሙማንን የማግኘትና ጤነኞችን የመለየት ችሎታን፣ በ1947 በስም ለይተው ያስተዋወቁ ሰው ናቸው።

የሩሻልሚ በ1971 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አቀረቡ። ከ2,500 ግራም በታች ሆነው የተወለዱትን ሕፃናት ብቻ ነጥሎ የተመለከተ ሰው፣ ከአጫሽ እናቶች የተወለዱት ከማያጨሱት ከተወለዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ያገኘዋል። ሲጋራ ገዳይ ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በ1972 ደግሞ ሌላ ክርክር ጨመሩ፤ ቆየት ብለው ማጨስ የጀመሩ እናቶች ከመጀመራቸው በፊት የወለዷቸው ልጆችም ቀላሎች ነበሩ አሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ከጭሱ ሳይሆን ከአጫሿ ባሕርይ የመነጨ ነው የሚል ድምዳሜን አስቀመጡ። ስመ ጥሩው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸርም ቀደም ሲል ስለ ሳንባ ካንሰር ተመሳሳይ ሙግት አቅርበው ነበር።

የትምባሆ ኩባንያዎች ይህን ጥርጣሬ ለመጠቀም አልዘገዩም። በ1971 የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያ ሊቀ መንበር በቴሌቪዥን ቀርበው ሲጠየቁ፣ የአጫሽ እናቶች ልጆች ትንንሾች መሆናቸው እውነት ቢሆንም ጤናማ ናቸው፤ አንዳንድ ሴቶችም ትንሽ ልጅ መውለድን ይመርጣሉ ሲሉ መለሱ። የሊቁ ጥያቄ ሐቀኛ የሳይንስ ጥያቄ ነበር፤ የነጋዴው መልስ ግን ሌላ ዓላማ ነበረው።

የየሩሻልሚ እንቆቅልሽ ፍቺ እንዲህ ባለ ምሳሌ ሊገለጥ ይችላል። ወደ ጣርማ በር በሚያስወጣው ዳገት ላይ ቆሞ በዝግታ የሚሄዱትን መኪናዎች ብቻ የሚቆጥር አንድ ሰው ይኑር። ከመኪናዎቹ ገሚሶቹ የሚዘገዩት ጭነት ስለ በዛባቸው ነው፤ ገሚሶቹ ግን ሞተራቸው ስለ ታመመ ነው። ቆጣሪው ጭነት ያለባቸውን ከሌላቸው ጋር ቢያወዳድር፣ መንገድ ላይ ተበላሽተው የሚቀሩት ባብዛኛው ባዶዎቹ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ምክንያቱም ባዶ ሆኖ የሚዘገይ መኪና ከባድ የሞተር ሕመም ያለበት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጭነት ለሞተር ይበጃል ቢል ግን ይሳሳታል። ቀላል ሆነው ከተወለዱት ሕፃናት መካከል የማታጨስ እናት ልጅ የቀለለበት ምክንያት አካል ጉድለት ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የአጫሿ ልጅ የቀለለበት ግን ብዙ ጊዜ ጭሱ ነው። ሁሉም ሕፃናት በአንድነት ሲቆጠሩ የጭሱ ጉዳት ወለል ብሎ ይታያል። ይህን ስሕተት ኤርናንዴዝ ዲያዝና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት ጽሑፍ በሥዕላዊ ዘዴ አብራርተው አቅርበውታል። የሩሻልሚ ግን በ1973 ዐርፈው ስለ ነበር ይህን ለማየት አልታደሉም።

ዕጣ የፈታው ክርክር

የባሕርይ ነው ወይስ የጭስ ነው የሚለውን ሙግት በቀጥታ ለመፍታት የሚቻለው በሙከራ ብቻ ነበር። እናቶችን በዕጣ ከፍሎ አጭሱ ማለት ክልክል ነው፤ አታጭሱ ብሎ መርዳት ግን ይቻላል። ሴክስተንና ሄብል የተባሉት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት 935 አጫሽ እርጉዞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ማጨስ እንዲተዉ ብርቱ ምክርና ክትትል አደረጉለት። በ1984 የታተመው ውጤት፣ ምክር ያገኙት እናቶች ልጆች በአማካይ በ92 ግራም ከብደው መወለዳቸውን አሳየ። ዕጣ ባሕርይን አይመርጥም፤ ሁለቱን ወገኖች የለየው ምክሩና ከምክሩ የተነሣ የቀነሰው ሲጋራ ብቻ ነበር። ከሲምፕሰን መዝገብ እስከዚህ ሙከራ ድረስ ሃያ ሰባት ዓመታት አለፉ። በአሜሪካ የሲጋራ ፓኮ ላይ ስለ እርጉዞች የሚናገር ማስጠንቀቂያ መውጣት የጀመረውም በ1985 ነው።

ከልደት እስከ ሽምግልና

ክብደት መቀነሱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ፣ ይህ ሕፃን ሲያድግ ምን ይሆናል የሚል ነበር። መልሱን ለመፈለግ የሚያስችለው ማስረጃ በእንግሊዝ አገር በሃርትፎርድሺር አውራጃ በአሮጌ መዝገቦች ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከ1911 ጀምሮ ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የተባሉ የአዋላጆችና የጤና ጠባቂዎች ኃላፊ፣ በአውራጃው የሚወለደው ሕፃን ሁሉ በልደቱና አንድ ዓመት ሲሞላው እንዲመዘን፣ ክብደቱም በመዝገብ እንዲሰፍር አድርገው ነበር። ሴትዮዋ ይህን ሲያደርጉ የሚያስቡት ስለ ዕለቱ ሥራ እንጂ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ስለሚነሣ ሳይንሳዊ ጥያቄ አልነበረም።

ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቻቸው እነዚህን መዝገቦች አግኝተው፣ በ1911 እና በ1930 መካከል የተወለዱ 5,654 ወንዶችን ዕጣ ፈንታ ተከታተሉ። በ1989 የታተመው ጽሑፋቸው፣ በሕፃንነታቸው ክብደታቸው አነስተኛ የነበረ ሰዎች በልብ ሕመም የመሞታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን ገለጠ። ከዚህም በመነሣት በማኅፀን ውስጥ ችግር የገጠመው ፅንስ ለመትረፍ ሲል የአካሉን አሠራር ያስተካክላል፤ ይህ ማስተካከያ ግን በኋለኛው ዕድሜ ዕዳ ሆኖ ይከፈላል የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። ሐሳቡ ብዙ ተቃዋሚዎች ነበሩት፤ አሁንም በዝርዝሩ ላይ ክርክር አለ። ይሁን እንጂ የአዋቂን በሽታ ለመረዳት እስከ ማኅፀን ድረስ መመለስ እንደሚገባ ብዙዎችን ያሳመነ ሐሳብ ነው።

ስለ ምን ጉበት?

ከአካል ክፍሎች ሁሉ ጉበት በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ የያዘበት ምክንያት በደም መሥመሩ አዘረጋግ ይታያል። የተወለደ ሰው የተነፈሰው ጭስ በመጀመሪያ ወደ ሳንባ ይገባል። ፅንስ ግን በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅንም ሆነ ምግብ የሚያገኘው በእትብት በኩል ከእንግዴ ልጅ ነው። ከእንግዴ ልጅ የሚመጣው የእትብት ደም ሥር ወደ ፅንሱ ሆድ ከገባ በኋላ በቅድሚያ የሚደርሰው ከጉበት ነው። ከዚያም ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ጉበትን ሳይነካ በማለፊያ ቧንቧ ወደ ልብ የሚያመራ ሲሆን፣ አብዛኛው ግን በጉበት ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። የውኃ መሥመር የሚዘረጋ ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ በመሥመሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ማጣሪያ ከሁሉ በፊት ዝቃጩን የሚቀበል እርሱ ነው። የፅንስ ጉበትም ከእናት ደም ተሻግሮ የሚመጣውን ነገር ሳይበረዝ ከሚቀበሉት የመጀመሪያው ነው።

ተሻግሮ የሚመጣውም ብዙ ነው። ኒኮቲን በቀላሉ ያልፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ በፅንሱ ደም ውስጥም ከእናቲቱ ደም ከፍ ባለ መጠን ይጠራቀማል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ የኬሚካል ዓይነቶች መኖራቸው ይታወቃል። የእንግዴ ልጅ ራሱ ይህን ጭነት ለመቋቋም እንደሚጥር በ1968 ዌልችና ባልደረቦቻቸው አሳይተዋል፤ ይኸውም በአጫሽ እናቶች እንግዴ ልጅ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የተባለውን የጭስ መርዝ የሚሰብረው ኢንዛይም ሥራው እጅግ ጨምሮ መገኘቱ ነው።

በዚሁ ጊዜ የፅንሱ ጉበት የራሱ ከባድ ሥራ አለበት። በእርግዝናው መካከለኛ ወራት የደም ሕዋሳትን በዋናነት የሚያመርተው እርሱ ነው። መርዝን የሚሰብሩት ኢንዛይሞቹ ግን ገና ጎልምሰው አላበቁም። እንግዲህ በግንባታ ላይ ያለ ፋብሪካ፣ ያላለቀ መሣሪያውን ይዞ የተበከለ ውኃ እንዲያጣራ ተገዷል ማለት ይቻላል።

ዝምተኛው በሽታ

ጉበት ላይ ስብ የሚጠራቀመው በመጠጥ ምክንያት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን የጸና ነበር። በ1980 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ጀርገን ሉድቪግ፣ መጠጥ የማያበዙ ሆነው ጉበታቸው እንደ ጠጪ ሰው ጉበት በስብና በብግነት የተጠቃ ሃያ ሕሙማንን ገልጠው ለሕመሙ ስም ሰጡት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው ሕመም ከመጠን በላይ በወፈሩ ልጆች ላይ መታየቱ ተጻፈ።

በብሪስቶል ከተማ አካባቢ በጂን ጎልዲንግ መሪነት የተጀመረው ጥናት በ1991 እና በ1992 ይወልዳሉ ተብለው የተጠበቁ ከ14,000 በላይ እርጉዞችን መዝግቦ ልጆቻቸውን እስከ ዛሬ ይከታተላል። ልጆቹ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላቸው ጉበታቸው በልዩ መሣሪያ ተለካ። በ2020 የታተመው ውጤት ከአምስቱ አንዱ በጉበቱ ላይ ስብ እንዳለበት፣ ከአርባዎቹ አንዱም የጠባሳ ምልክት እንደ ታየበት አሳወቀ። ብዙዎቹ ምንም አልተሰማቸውም ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ጉበት እንዲህ ከሆነ፣ የነገሩ ሥር በአዋቂነት ዘመን ብቻ ሊፈለግ እንደማይገባ ግልጽ ነው።

የቤተ ሙከራው ምስክርነት

በጭሱና በጉበቱ መካከል ያለውን ክር ለማግኘት የተሄደባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የእንስሳት ሙከራ ነው። በ2014 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ኒኮቲን ከተሰጣቸው አይጦች የተወለዱ ወንድ አይጦች ካደጉ በኋላ በጉበታቸውና በደማቸው ውስጥ ያለው ስብ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ስብን የሚሠራው ኢንዛይምም በጉበታቸው ውስጥ በዝቷል። እነዚህ አይጦች ከጡት ከተለዩ በኋላ ኒኮቲን አልቀመሱም።

ሁለተኛው የሰው ሕዋስ ሙከራ ነው። በ2017 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሄይና ባልደረቦቻቸው ከአበርዲንና ከግላስጎ ሊቃውንት ጋር ተባብረው፣ ከግንደ ሕዋስ የፅንስ ጉበትን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ አሳደጉ። በዚህም ላይ እናት ስታጨስ በፅንሱ ደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን የሲጋራ ኬሚካሎች ጨመሩበት። ኬሚካሎቹ በአንድነት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት የከፋ ጉዳት አደረሱ። ጉዳቱም በጾታ የተለያየ ሆነ፤ በወንዱ ሕብረ ሕዋስ ላይ ጠባሳ የመሥራት አዝማሚያ ሲታይ፣ በሴቷ ላይ ግን የሕዋሱ የውስጥ ሥራ ይበልጥ ተዛባ።

ሦስተኛው የሰዎች መዝገብ ነው። በ2008 የታተመ፣ አሥራ አራት ጥናቶችንና ከ84,000 በላይ ልጆችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ በእርግዝናቸው ያጨሱ እናቶች ልጆች ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው በግማሽ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን ገልጧል፤ ውፍረት ደግሞ የጉበት ስብ ዋና መንገድ ነው። በፊንላንድ በ1980 ከ3,500 በላይ ልጆችን ይዞ የተጀመረው ጥናት በበኩሉ፣ በልጅነታቸው በወላጆቻቸው የሲጋራ ጭስ መካከል ያደጉ ሰዎች ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በጎልማሳነታቸው የጉበት ስብ እንደሚበዛባቸው አመልክቷል።

እነዚህ ሦስት መንገዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያመለክቱም ገና አንድ ቦታ አልተገናኙም። አይጥ ሰው አይደለችም፤ በሳህን ላይ የበቀለ ሕብረ ሕዋስም ሙሉ ጉበት አይደለም። የፊንላንዱ ጥናት የሚናገረው ስለ ቤት ጭስ እንጂ በቀጥታ ስለ እርግዝና አይደለም። የምታጨስ እናትም ብዙ ጊዜ በምግብ፣ በገቢና በኑሮ ሁኔታ ከማታጨሰው ትለያለች። ስለዚህም ጥንቁቅ ተመራማሪዎች የአባትን ማጨስ እንደ ማወዳደሪያ ይወስዳሉ፤ የእናት ማጨስ ከአባት ማጨስ ይልቅ ጎልቶ ከታየ የማኅፀኑ ድርሻ ይረጋገጣል፤ እኩል ከሆነ ግን ምክንያቱ በቤተሰቡ ኑሮ ውስጥ ይፈለጋል። የየሩሻልሚ ሙግት በዚህ መልክ ዛሬም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከትምባሆ የሰፋ ነው። የክብደቱ መቀነስ ከታወቀ በኋላ እርግጠኛው ማስረጃ እስኪገኝ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወለዱት ልጆች ግን የሊቃውንቱን ስምምነት ቆመው አልጠበቁም። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ የአፈሩ ጥንካሬ እስከ መጨረሻው እስኪታወቅ አይጠብቅም፤ ለማይታወቀው ነገር የጥንቃቄ መጠን ጨምሮ ይነድፋል። የጉበቱ ጥያቄ ገና ሙሉ መልስ ባያገኝም፣ ለክብደትና ለሕይወት ሲባል የተሰጠው ምክር ለጉበትም ያንኑ ያህል ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ሌላው ትምህርት ወቀሳን የሚመለከት ነው። በ1970ዎቹ በብሪታንያ የወጡ የማስታወቂያ ሥዕሎች እርጉዟን ሴት ሲጋራ ይዛ ብቻዋን አቁመው አሳይተዋት ነበር። ሲጋራውን ያመረተው፣ የሸጠው፣ በአጠገቧም ሆኖ የሚያጨሰው ባል በሥዕሉ ውስጥ አልነበሩም። በ1984ቱ ሙከራ ውጤት ያስገኘው ግን ነቀፋ ሳይሆን ርዳታ ነው።

በኢትዮጵያ የሚያጨሱ ሴቶች ቁጥር አነስተኛ ነው። በ2016 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂ ወንዶች 8.1 በመቶ ሲሆኑ ሴቶች ግን 1.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ በፓኮው ላይም ሰባ በመቶውን የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዝዟል። ሆኖም ከቁጥሮቹ እንደሚታየው ለአብዛኛዋ እርጉዝ ሴት የሲጋራ ጭስ የሚመጣው ከራሷ እጅ ሳይሆን ከባልዋ ወይም ከእንግዳ ነው። ከዚህ ሌላ በማገዶና በኩበት እንጀራ የምትጋግር እናት በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ የምትተነፍሰው ጭስ፣ ኒኮቲን ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከሲጋራው ጋር ይጋራል። በዚህ ረገድ የጭስ መውጫ የሌለው ማድ ቤት የንድፍ ጉድለት ነው፤ የንድፍ ጉድለትም በምክርና በተግሣጽ አይታረምም። ጢስ የሚቀንስ ምድጃ፣ አየር የሚያስወጣ መስኮትና በትክክል የተሠራ የጭስ ማውጫ የሐኪም ትእዛዝ የማይጠብቁ መድኃኒቶች ናቸው።

በርንሳይድ ሕፃናቱን ሲያስመዝኑ የመዝገቡን ፍሬ አላዩም። የዛሬው ማድ ቤት የሚያሳድገው ልጅ የጉበቱ ነገር የሚታወቀውም ከሃያ ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። መዝገቡ ግን ዛሬ መጻፍ፣ ጭሱም ዛሬ መቀነስ አለበት።